ዱዳ የሰማችው ሳህን

ሰኞ

ልጄ ድመት ይዛልኝ መጣች። «ብቻሽን ከምትሆኚ» ብላ። እኔ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አንዱ ክፍሌ በሙሉ የበር እጀታ፣ ደወል፣ የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ ነው። ሥራዬ ነው እንግዲህ። በሬዲዮ ድራማ ላይ ተዋንያኑ ያወራሉ፤ በሩን የምዘጋው ግን እኔ ነኝ፣ ደረጃውን የምወጣው እኔ ነኝ፣ ዝናቡን የማዘንበው፣ ጥፊውን የማጮኸው እኔ ነኝ። ሰው ሲሞትም መሬት ላይ ዘጭ የምለው እኔው ነኝ። ስንቴ እንደሞትኩ ቤቱ ይቁጠረው።

ድመቷ ግራጫ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። ፊቴ ቁጭ ብላ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ድምፅ የለም። ደግማ ትከፍታለች። ምንም። «ዱዳ ድመት ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» አልኳት ልጄን። ትክ ብላ አየችኝ። «ዱዳ?» አለች። «አዎ ዱዳ። ስሟም ይኸው ይሁን።» ልጄ የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ተወችው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ንግግሩን እየዋጠ ነው የሚያወራው። ልጄም ተጋብቶባት ይሆናል።

ረቡዕ

ልምምድ ነበረን። የዚህ ዙር ድራማ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው። ከልጁ ተጣልቶ ከገዛ ቤቱ ወጥቷል፣ ድመቱ እዚያው ቀርታለች፣ እሱ የኪራይ ክፍል ውስጥ ይቆዝማል። በመጨረሻው ክፍል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደራሲዋ የጻፈችው መዝጊያ ይቺን ታህል ናት፦ «ሽማግሌው ቤቱ ይገባል። ድመቷን ያበላል።» ከዚያ ሙዚቃ። በቃ።

አዲሱ አዘጋጅ ልጅ እግር ነው። ትሑት ነው፣ «እርስዎ» ይለኛል፣ ወንበር ይስብልኛል። ልጠላው አልቻልኩም፤ እሱ ራሱ ያናድደኛል። ዛሬ ኮምፒውተሩን እያሳየኝ «እዚህ ውስጥ እኮ የሌለ በር የለም» አለኝ። አንድ በአንድ አስከፈትኩት፣ አንድ በአንድ አስዘጋሁት። «ይሄ ሁሉ በር» አልኩት፣ «ተናዶ የዘጋው ሰው ግን የለም።» ሳቀ። ቴክኒሻኑም ከመስታወቱ ወዲያ ሳቀ። ቴክኒሻኑን ሽቦው ነው የምንለው፤ ቀጭን ስለሆነ፣ ኪሱም ሽቦ ስለማያጣ። እኔና እሱ እዚያ ቤት አብረን ነው ያረጀነው።

ስወጣ አዘጋጁ ለሽቦው «ከዚህ ዙር በኋላ እሳቸውን...» ሲል ሰማሁ። ቀሪውን ዋጠው። አልኩ እኮ፣ ሁሉም ይውጣል!

ቅዳሜ፣ ከስርጭት በኋላ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻል ነበር።

በድራማው ልጅየው አባቱ ክፍል መጥቶ ይጨቃጨቃል፤ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም!» ይላል፤ እኔ በዚያ ቃል ላይ በሩን አጋጫለሁ። በቀጥታ ነው የምናስተላልፈው፣ ማረም የለም። እጀታውን ይዤ ቆምኩ። ጠበቅሁ። በማዳመጫዬ ቃሉ አልመጣም። ዝምታው ሲረዝም ሽማግሌውን የሚጫወተው ሰው፣ ብልህ ነው እሱ፣ ኋላ እንደነገሩኝ ከራሱ ፈጥሮ፣ እንባ በተናነቀው ድምፅ «በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄደ...» አለ። እኔ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ልጅየው ከማይኩ ዞር ሲል አየሁና፣ ከነሙሉ ንዴቴ፣ ጓ!

ሽማግሌው ሳቁን ለመደበቅ አምስት ጊዜ ሳለ። የአድማጭ ስልክ እየተደወለ «በሩን የዘጋው ጅን ነው ወይ?» ተባለ።

ማዳመጫው ነው። ተበላሽቷል። ለሽቦው ነገርኩት። ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገው፣ አወለቀው፣ ደግሞ አደረገው። «ደህና ነው እኮ፣ እታለም» አለኝ በቀስታ። የራሱን ሰጠኝ። እሱም ተበላሽቷል።

ሰኞ

አዘጋጁ ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ለቀሪዎቹ ሳምንታት ድምፁን ከኮምፒውተሩ እንጠቀማለን አለ። «እርስዎ ትንሽ ይረፉ።» የመጨረሻው ክፍልስ? አልኩት። «እናያለን» አለኝ። «እናያለን» ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ የማላውቅ ይመስል።

የሚያሳዝነው እሱ ትክክል መሆኑ ነው። እኔ ብሆንም በሩን በዚያ ሰዓት የዘጋችውን ሴትዮ አሳርፋት ነበር። ግን ማዳመጫው እኮ ነው!

ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ወረወርኩ። ዱዳ መጥታ አፏን ከፈተችብኝ። «መጣሁ፣ መጣሁ!» ብዬ ጮኽኩባት። ምን አጠፋች እሷ።

ማክሰኞ

ጎረቤቴ በሩን ልትሰብረው እስክትደርስ አንኳኳች። የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። «ስንቴ ነው የማንኳኳው?» አለች። አሁን መምጣቷ እኮ ነው። ሬዲዮሽን ቀንሺልኝ አለች፤ እሺ አልኩ። ቀጥላ «ድመትሽም ጠዋት ጠዋት ስትጮህ እንቅልፍ አሳጣችኝ» አለች።

«የኔ ድመት? የኔ ድመት እኮ ዱዳ ናት።»

«ዱዳ?! ጆሮዬን በላችው እኮ አንቺ!»

ስንት ድመት የሚያተራምሰው ጣሪያ እያለ የኔን ዱዳ ትወነጅላለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን የማይለው አለ ብዬ አለፍኳት።

ሐሙስ

ሥራ ስለሌለኝ ድመት እያየሁ እውላለሁ። ደረጃዬ እዚህ ደርሷል።

ግን የሆነ ነገር አየሁ። ማቀዝቀዣውን ስከፍት አትነሣም። ወተት ስቀዳ አትነሣም። ማንኪያዬን ሳህን ላይ እንዳሳረፍኩ ግን ከየት መጣች ሳልላት እግሬ ሥር ናት። ትናንት ደግሞ ልጄ ስልክ ደውላ «ለምን አትመጪም?» ስትለኝ «መጣሁ፣ መጣሁ» አልኳት፤ ዱዳ ከሶፋው ወርዳ እየሮጠች ሳህኗ ጋ ሄደች! በየቀኑ ሳህኗን ሳነሣ «መጣሁ፣ መጣሁ» የምለው እኔ ነኝ፤ ለእሷ «መጣሁ» ማለት ሥጋ ማለት ነው። ያልኩትን ማጠፍ አልቻልኩምና ተነሥቼ ሰጠኋት።

ቅዳሜ

ስቱዲዮ ሄጄ ዳር ተቀመጥኩ። የኮምፒውተሩ ዝናብ ዘነበ። ጥሩ ነው። ጥፋት የለውም። ሽማግሌው በዝናቡ መሀል ሲሄድ ግን ጫማው ደረቅ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። አፌን ይዤ ወጣሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም፤ አዎ አለቀስኩ፣ ትንሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ማክሰኞ

ሀሳብ መጣልኝ! ሀሳብ!

«ድመቷን ያበላል።» ሁለት ቃል። ኮምፒውተሩ ይሄን ቢሠራው፣ ሳህን ኳ፣ ሙዚቃ። እኔ ብሠራው ግን የከተማውን ድመት ሁሉ ከእንቅልፉ አስነሣለሁ። ሰው ይታለላል፣ አዘጋጅም ይታለላል፤ የተራበ ድመት አይታለልም። የኔ ፈተና እሱ ይሁን።

ስለዚህ ዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅሁ ዋልኩ፦ ድመትዎ ምን ሲሰማ ነው የሚመጣው?

ሥጋ ሻጩ ጋ ጀመርኩ። የሱ ድመት ሥጋው ሲቆረጥ ዞር አትልም አለኝ፤ ቢላዋው ሲሞረድ ግን ትዘልላለች፣ ምክንያቱም ትርፍራፊ የሚሰጣት ሞርዶ ሲጨርስ ነው። ወደ ፋርማሲዋ ሄድኩ። ባለፋርማሲዋ ድመቷን የምታበላው ሱቅ ስትዘጋ ነው። «ቆርቆሮውን ጎትቼ ሳወርድ ካልሆነ ስሟን ብጠራም ንቃኝ ነው የምታልፍ» አለችኝ። ልጄ ቤት ያለችው ደግሞ የላስቲክ ኮሽታ ነው የምትወደው። ሽቦው ጋ ስደርስ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የሱ ሚስት ድመቱ ሲጨቀጭቃት ቆይታ ቆይታ «እሺ በቃ!» ትልና ትሰጠዋለች። አሁን ቤት ውስጥ ማንም «እሺ በቃ» ካለ ድመቱ ምግብ ቀረበ ብሎ ይመጣል። «ባልና ሚስት ተጣልተን እንኳ» አለኝ ሽቦው፣ «አንዳችን እሺ በቃ ካልን ድመቱ መሀላችን ነው። ከዚያ ማን ይኮሳተራል?»

ማንም አላስተማራቸውም እኮ። ሰው ሳያውቀው የሚደጋግመውን ነው የሚይዙት። እኛ የማንሰማውን የራሳችንን ድምፅ።

ሐሙስ

እውነተኛ ሳህን ማይክ ፊት ሲቀመጥ እውነተኛ አይመስልም፤ ኩሽና የፈረሰ ይመስላል። ስለዚህ ድስት ክዳን ላይ ጨርቅ አንጥፌ፣ በማንኪያ ጀርባ። ሥጋው እርጥብ ስፖንጅ ነው። የማቀዝቀዣው በር ዳሩ ጎማ የተለበጠ አሮጌ ሻንጣ። የላስቲኩ ኮሽታ የዝናብ ኮት እጅጌ።

ሠራሁት። ደስ አለኝ። ዱዳን ወደ ሌላኛው ክፍል አስገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ጀመርኩ።

ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ አልጋ ሥር ገባች።

ዓርብ

ደግሜ ሞከርኩ። አልጋ ሥር። በእውነተኛው ሳህን የምትሮጥ ድመት ከኔ ሳህን ትሸሻለች! ሽቦው መጥቶ ሰማና «እታለም፣ መብረቅ እኮ ነው የሠራሽው» አለ። ለኔ ልክ ነው። ለኔ ልክ የሆነ እንዴት ለእሷ መብረቅ ይሆናል?

የድመት ጆሮ ስለሆነ ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

ሽቦው ሻዩን ሳይጨርስ ሌላም ነገር አለኝ። አልጽፈውም። ተቆጣሁት። «አንተ የራስህን ሥራ ሥራ» አልኩት። የሻይ ኩባያውን አጥቦ ሄደ። አጥቦ መሄዱ ነው ያቃጠለኝ።

እሑድ

እሺ። ዱዳ ትሁን ጆሮዬ።

እንዲህ ነው የምንሠራው። ክፍሉ ወለል ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ሶፋው ላይ ናት። ማንኪያውን እያሳረፍኩ አያታለሁ እንጂ አላዳምጥም። ጆሮዋ ወደ ኋላ ከታጠፈ ጮኸ ማለት ነው። ጫፉ የተቀደደው ጆሮ ብቻ ከዞረ ተቃርቤያለሁ። ሁለቱም ከዞሩ አልነካውም፣ እጄ የያዘውን ክብደት እይዘዋለሁ። ማንኪያው ሊወድቅ እስኪደርስ ድረስ አላልቼ ነው መያዝ ያለብኝ። ለኔ ምንም የለውም፤ ባዶ ነው፤ አየር እንደመምታት። እሷ ግን ራሷን ቀና አደረገች።

ስንት ዘመን በጆሮዬ ስሠራ ከረምኩ። አሁን በእጄና በድመት ጆሮ እየሠራሁ ነው። ሲገርም፣ እጄ ያውቃል።

ልጄ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ድስት ክዳን ስዳብስ አገኘችኝ። «ዝናቡ ጣሪያውን ሊያፈርሰው ነው፣ አንቺ ትጫወቻለሽ» አለች። መስኮቱን ተመለከትኩ። እውነትም ይዘንባል።

ረቡዕ

መጣች! ዱዳ መጣች!

ሽቦውን ይቅርታ ጠይቄ (ይቅርታ ማለት አልወድም፣ ሽንኩርት መላጥ ይቀለኛል) መቅጃውን ይዞ መጣ። የኮምፒውተሩን ሳህንና የኔን አንድ ላይ ቀዳና ሳሎን ባለችው ትንሽዬ ሬዲዮ በኩል ለቀቀው። እኛ ኩሽና ተደብቀን በበሩ ስንጥቅ እናያለን።

የኮምፒውተሩ፦ ዱዳ እግሯን ላሰች።

ደግመን የኮምፒውተሩ፦ ሌላኛውን እግሯን ላሰች።

የኔ፦ ብድግ አለች። ወረደች። ሬዲዮው ፊት ቁጭ አለች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዞራ ሄዳ ከሬዲዮው ጀርባ ሳህኑን ፈለገች! ሽቦው ጉንጬን ሳመኝ። እኔ ጨፈርኩ፣ በዚህ ጉልበቴ ጨፈርኩ! ሳህን በሌለበት ሳህን ሰማች። ስፖንጅ ቆርጬ ሥጋ አስሸተትኳት! ከዚያ እውነተኛውን ሥጋ፣ ደህናውን፣ የእኔን ምሳ ሰጠኋት።

ሐሙስ

ቅጂውን ለአዘጋጁ ሰጠሁት። «ደቂቃ ሙሉ ነው» አለ። «ንግግር የሌለው። ሬዲዮ ላይ። ሰው ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል።» ቤትዎ ወስደው ይስሙት አልኩት፤ እኔም ተናድጄ ስለነበር አንቱ አልኩት።

ዓርብ

አዘጋጁ መጣ። እጁ ጀርባው ላይ ተቧጥሯል፣ ሦስት ቀጫጭን መስመር። «ድመት አለህ እንዴ?» አልኩት። «የእናቴ ናት» አለ። «ስንቴ አሰማሃት?» እጁን ኪሱ ከተተ። «ምግብ ሳትሰጥ?» ከዚያ እየሳቀ «የእርስዎ ይሁን፣ አሳመኑኝ። ቅጂውን እንለቀዋለን» አለ።

ቅጂውን።

ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ። ቅጂውን ከለቀቁት እኔም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባሁ ማለት ነው፤ ከበሮቹ ጎን። ለሚቀጥለው ዙር ማን ይጠራኛል? «በቀጥታ ነው የምሠራው» አልኩት። አዘጋጁ አልተቆጣም። «በሩን ያስታውሳሉ» ብቻ አለኝ። አስታውሳለሁ። የማስታውሰው እኔ ብቻ ብሆን ደግ ነበር።

እስከ ሰኞ ላስብበት አለ።

እሑድ

ዱዳን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተጨነቅሁ። ሽቦው ያን ዕለት ያለኝን ልጻፈው እንግዲህ፦ «ማዳመጫው አልተበላሸም፣ እታለም። ሁለቱም አልተበላሹም።»

ያው ነው። ልጄም ታውቃለች። ነርሷም ያን ያህል ያንኳኳችው ወድዳ አይደለም። ከሁሉ ኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ይሄንንም ሳይቀር። ድምፅ ሠሪ ጆሮዋ ደክሟል ብላ እንዴት ትናገራለች? ዳቦ ጋጋሪ እጄ ተቆርጧል እንደሚል አይደለም ወይ?

ግን እጄ አልተቆረጠም። እጄ አለ። ትናንት ስንት ዓይነት ሳህን ሠራ።

ሰኞ

ተናገርኩት።

ሁሉም ባሉበት፣ ልምምዱ መሀል። «ያን ቀን ማዳመጫው አልነበረም የተበላሸው። አይሰማኝም። እጄ ግን ልክ ነው። ተራዬ ሲደርስ በድምፅ ሳይሆን በመብራት ጥሩኝ።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነተኛ ጸጥታ ይሁን የኔ ጸጥታ አላወቅሁም፤ ሁሉም አፋቸው ተዘግቶ ስለነበር እውነተኛ ነው።

አዘጋጁ ፊት ለፊቴ መጣና፣ አፉን በደንብ እየከፈተ፣ «ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ። «ይሄ ብቻ ነው።» «ታዲያ ስንት ሳምንት ሙሉ ለምን አቃጠሉን?» ብሎ ራሱን ያዘ። ሽቦው ሳይታዘዝ ቀይ አምፖል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ በሽቦ አሰረ። ኪሱ ውስጥ ነበረ። ማን ያውቃል ከመቼ ጀምሮ።

ሽማግሌው ተዋናይ ደግሞ ተጠግቶ «እኔስ ምን ልበል ትይኛለሽ?» አለኝ። በጆሮው ሁለት ነገር ነገርኩት።

ቅዳሜ፣ ከስርጭት በፊት

አምፖሉ ይሠራል፣ ሞከርነው። ደግመን ሞከርነው። ስፖንጁ ረጥቧል። ሻንጣው የት ሄደ? ተገኘ። ዱዳን ነርሷ ጋ ትቻታለሁ፤ ዛሬ ሥራ የላትም፣ ሬዲዮ ከፍታ ትጠብቃለች። «ምንም አትስጫት» ብያታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምሳዋን ቀንሻለሁ። ጠሩኝ

ቅዳሜ፣ ከስርጭት በኋላ

ከየት ልጀምር!

ቀዩ አምፖል በራ። በሩን ከፈትኩ፤ ቁልፍ፣ እጀታ፣ ከዚያ የደከመ ሰው ጫማ፣ አንዱ እግር የሚጎተት። ከዚያ ንግግር የለም። አዘጋጁን በመስታወቱ አየሁት፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቆሟል። የመስኮቱን ቆርቆሮ ጎትቼ አወረድኩ፤ ይቺ ለፋርማሲዋ። ሻንጣውን ከፈትኩ፣ ኮቱን አኮሻኮሽኩ፤ ለልጄ። ቢላዋውን ሁለቴ ሞረድኩ፤ ለሥጋ ሻጩ። ስፖንጁን ቆረጥኩ። ሽማግሌው እያቃሰተ ጎንበስ አለና፣ በጽሑፉ ላይ የሌለውን፣ እኔ የሰጠሁትን ብቻ ተናገረ፦ «እሺ በቃ! መጣሁ፣ መጣሁ።» ያኔ ማንኪያውን፣ ሊወድቅ እስኪደርስ አላልቼ፣ ክዳኑ ላይ አሳረፍኩት።

እኔ አልሰማሁትም። ምንም አልሰማሁም። ግን እጄ ስለነገረኝ ልክ እንደነበረ አውቄያለሁ።

ሙዚቃው ሲገባ ሽቦው ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጁን አንሥቶ ይዘላል። አዘጋጁ ዓይኑን ይጠርጋል፤ አቧራ ነው አለኝ ኋላ። አቧራው ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ስልኩ። አያቆምም! ሽቦው እየሰማ በትልልቅ ፊደል እየጻፈ ያሳየኛል። አንዲት እናት፦ ድመታችን ሬዲዮው ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። አንድ ሰው፦ የኛ በር ላይ ቆማ እኔን ትጠብቃለች፣ ምን ልስጣት? ሌላው፦ ድመት የለኝም፣ ግን እኔው ራሴ ራበኝ። ባለፋርማሲዋ፦ ምነው ሱቅ ሳልዘጋ መጣችብኝ? ሥጋ ሻጩ፦ ይቺ ጉደኛ የተንጠለጠለ ሥጋ መሀል ተኝታ እያለ፣ ሥጋውን ጥላ ሬዲዮ ሥር ሥጋ ፍለጋ ሄደች። የሽቦው ሚስት፦ ድመቱ ማበዱን ለባሌ ንገሩልኝ፣ ሰውዬው በሬዲዮ እሺ በቃ ብሎታል!

ስወጣ አዘጋጁ መንገድ ዘግቶ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። «የሚቀጥለው ዙር በዝናብ ነው የሚጀምረው።»

«ኮምፒውተርህ ውስጥ ዝናብ የለም?»

«አለ» አለ። «ማንንም አያረጥብም።»

እሰይ! እሰይ! ይኼን ልጅ ልጠላው አልቻልኩም ብዬ ነበር።

ቤት ስደርስ ነርሷ በሩ ላይ፣ ዱዳን በብብቷ ይዛ። «ሬዲዮዬን ገለበጠችው!» አለች። «ከጀርባው ገብታ አንቴናውን ነከሰች! እየጮኸች ደግሞ፣ እየጮኸች!» ዱዳ አፏን ወደ እኔ ከፈተች። አየኋት። ነርሷን አየኋት። «አሁንም እየጮኸች ነው?» አልኳት። ነርሷ ሳቋን አቆመች። «አዎ» አለች፣ እጄን ይዛ። «ከመጣሽ ጀምሮ።»

እሑድ

ለልጄ ደወልኩ። «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኳት። የት ብላ አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ

የመስሚያ መሣሪያ ተደረገልኝ። የባቄላ ፍሬ ያህል ናት፣ ከጆሮዬ ጀርባ። መጀመሪያ ያልወደድኩት ነገር፣ ሁሉም ነገር ይናገራል! የቀሚሴ ጠርዝ ይናገራል። ወረቀት ይናገራል። ልጄ የመኪናዋን መሪ ስታዞር እጅጌዋ ይናገራል። «ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ፤ እሷ ራሷ ምንም የሚዋጥ ቃል የላትም፣ ጥርት አድርጋ ነው የምታወራው፣ ድሮም እንደዚያው ነበረች። አንቺ ልጅ ስንት ነገር ነግረሽኝ አለፈኝ አልኳት። «እደግመዋለሁ» አለች።

በሬን በቁልፍ ስከፍት ቁልፉ እንዴት እንደሚያምር! ይሄን ድምፅ እኮ ስንቴ ሠርቼዋለሁ፣ ከትዝታዬ ብቻ።

ዱዳ መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላለች። አፏን ከፈተች።

ቀጭን ነው። ነዝናዛ ነው። መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለበት፣ የት ነበርሽ እንደሚል ሰው። ደገመችው፣ አሁን ረዘም አድርጋ። ያን ሁሉ ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ፊቴ ቁጭ ብላ ይሄንን ነበር የምትለኝ፤ እኔ ዱዳ እያልኳት። በሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ ልጄም ከኋላዬ።

ሦስተኛ ጠራችኝ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አልኳት። ዛሬ ግን ተጠርቼ ነው የሄድኩት።